ከደጅ ጥናት እስከ ጥናት ፕሮፖዛል፦ የምርምር ድጋፍ አጠያየቅ ታሪክ ከአማኑኤልና ከአካባቢው አንጻር

1. መግቢያ

በአማርኛ «ጥናት» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ይውላል። ተማሪ ቃሉን ያጠናል፤ ጉዳይ ያለበት ሰው ደግሞ ደጅ ይጠናል። ሁለቱም ወደ ግእዙ «ጸንዐ» የሚመለሱ ናቸው። ተማሪው የተቀበለው ቃል በልቡናው እስኪጸና ድረስ ይደጋግመዋል፤ ደጅ ጠኝው ግን የሚያጸናው ራሱን ነው፤ ጌታው እስኪያየው ድረስ በደጃፉ ጸንቶ ይቆማል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምርምር ገንዘብ ለማግኘት ፕሮፖዛል የሚያዘጋጅ መምህር ወይም ተማሪ እነዚህን ሁለት ጥናቶች በአንድ ወረቀት ላይ ያገናኛል። ምን እንደሚያጠና ይገልጻል፤ በዚያው ወረቀትም ደጅ ይጠናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በአማኑኤልና በአካባቢው፣ ዕውቀት ፈላጊዎች ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ ሲጠይቁ የኖሩባቸውን መንገዶች በታሪክ ቅደም ተከተል መመርመር ነው። ጽሑፉ የሚነሣበት ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም ድጋፍ የሚጠየቅበት መንገድ የሚገኘውን ዕውቀት ቅርጽ ይወስናል የሚል ነው። ማን ደጅ እንደ ቆምን፣ በምን ቋንቋ እንደ ጠየቅንና በምላሹ ምን ለመስጠት ቃል እንደ ገባን ካልመረመርን፣ ያገኘነው ውጤት ለምን ያንን መልክ እንደ ያዘ ልንረዳ አንችልም። ሐሳቡን ለማብራራት ሦስት ደጆችን፣ ማለትም የገበሬውን፣ የጌታውንና የመሥሪያ ቤቱን ደጅ በየተራ እንመለከታለን። በመጨረሻም ፕሮፖዛሉ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ አማኑኤል ሲወርድ የሚገጥመውን ችግር እናነሣለን።

2. የገበሬው ደጅ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ የምትገኘው አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ዐባይ በኩል የሚገኘው ደብረ ኤልያስ ዛሬ ራሱን የቻለ ወረዳ ቢሆንም ቀደም ሲል በማቻከል ሥር ነበር። ደብረ ኤልያስ ከዲማ፣ ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከደብረ ወርቅ ጋር የጎጃም ቅኔ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ስም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት መካከል ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ይገኛሉ። ስለዚህ በአማኑኤል ዙሪያ ያለው ገበሬ ለብዙ ትውልድ ከየአገሩ የሚመጣውን የቅኔ ተማሪ በደጁ ሲያይ የኖረ ሕዝብ ነው።

የቆሎ ተማሪ አኖኗር የታወቀ ስለሆነ እዚህ በሰፊው መዘርዘር አያስፈልግም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል። በደጃፍ ቆሞም «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱ ካላት ቁራሽ ወይም ቆሎ ትሰጣለች፤ ከሌላት «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብላ ታሰናብታለች። የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቢሆን ከዚህ ሥርዓት አይወጣም፤ ልመናው ረኃብን ማስታገሻ ብቻ ሳይሆን ትዕቢትን መስበሪያም ነውና።

ለጉዳያችን ዋናው ነገር ግን የልመናው ቃል አቀራረብ ነው። ተማሪው በደጅ ቆሞ ምን እንደሚማር አይናገርም። ጉባኤ ቃና ላይ ይሁን መወድስ ላይ፣ ገና ሁለት ቤት መቁጠር የጀመረ ይሁን ስምንቱን ቤት ሞልቶ የሚቀኝ፣ ሰጪዋ አትጠይቀውም። የሚጠራው ስም የእመቤታችን ነው እንጂ የራሱ ወይም የመምህሩ አይደለም። ሰጪዋም የምትጠብቀው በረከት እንጂ ውጤት አይደለም። የትምህርቱን ዋጋ የሚመዝኑት የኔታ ናቸው። የተማሪውን ቅኔ ሰምተው ያርማሉ፤ ካልተሳካለት መልሰው ይሰዱታል፤ ሲበቃ ያስመርቁታል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት የሚደግፈው አካልና የሚገመግመው አካል ፈጽሞ የተለያዩ ነበሩ። እንጀራ የሰጠ ሰው በቅኔው ይዘት ላይ ሥልጣን አልነበረውም።

ይህ ነፃነት ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ሰጪዋ ስለ ውጤቱ ስላልጠየቀች ውጤቱ ወደ እርሷ የሚመለስበት መንገድም ጠባብ ነበር። ቅኔው በግእዝ በቤተ ክርስቲያን ይዘረፋል፤ ቁራሽ የሰጠችው ሴት በዓል ቀን ቆማ ብትሰማው እንኳ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት የሚያስችል ትምህርት አልተሰጣትም። በብራና ያልሰፈረው ቅኔ ደግሞ ከተቀኘው ሰውና ከሰሚዎቹ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ የገበሬው ደጅ ዕውቀት ጠያቂውን ነፃ ቢያደርገውም ባለዕዳ መሆኑን የሚያስታውስበት ወረቀት አልነበረውም።

3. የጌታው ደጅ

ሁለተኛው ደጅ የመኳንንቱ ነው። ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ሲነግሡ፣ መናገሻቸው የቀድሞዋ መንቆረር፣ የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ነበረች። ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ፣ ከዚያም በልጃቸው በራስ ኃይሉ ዘመን፣ ሊቃውንት፣ ሠዓልያንና ጸሐፊዎች በዚህ ቤት ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበር። በዚህ ደጅ የሚጠይቅ ሰው እንደ ቆሎ ተማሪው ስሙን ሊሸሽግ አይችልም። ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚችልና ምን እንደሚያገለግል መታወቅ አለበት።

የዚህ ደጅ ከሁሉ የጎላ ፍሬ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የታሪክ ሥራ ነው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ከዐባይ ማዶ ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ጎጃም የመጡ፣ በንጉሡ ቤት ያደጉ፣ ሠዓሊም ጸሐፊም የነበሩ ሰው ናቸው። የጎጃምን ትውልድና የገዥዎቹን ታሪክ የጻፉት አንድም ምንጮቹን በቅርብ የማግኘት ዕድል ስለ ነበራቸው፣ አንድም በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የሚኖር ሰው እንጀራ ስላላጡ ነው። ያለ ጌታው ደጅ ይህ መጽሐፍ ባልተጻፈ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን የዚያ ደጅ ድጋፍ ከብራናና ከቀለም አላለፈም። ሥራው በሥርግው ገላው አዘጋጅነት ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ በግርማ ጌታሁን የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ጸሐፊው ካረፉበት ጊዜ እስከ መጽሐፉ ኅትመት ከሰባ ዓመት በላይ አልፏል። ድጋፍ ሰጪው ሥራውን እንጂ የሥራውን ሥርጭት በዕቅዱ ውስጥ ካላስገባ ምን ሊከተል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ ያስቸግራል።

ከጌታው ደጅ ጋር ተያይዞ መነሣት ያለበት ሌላው ጉዳይ መሬት ነው። ጉልት የተሰጣቸው አድባራት አገልጋዮቻቸውን የሚያስተዳድሩት በመሬቱ ገቢ ነበር፤ መምህሩም ጉባኤ ዘርግቶ የሚያስተምረው ከደብሩ የሚያገኘውን እየተመገበ ነው። በሌላ አነጋገር የቅኔ ቤቱ ቋሚ በጀት መሬት፣ የዕለት በጀቱ ደግሞ የገበሬው ቁራሽ ነበር። ይህን መሬት የሚያርሰው ገበሬ የሚከፍለው ግብር ከባድ እንደ ነበርም መዘንጋት የለበትም፤ በአንድ እጁ በፈቃዱ የሚሰጥ፣ በሌላው እጁ በግዴታ የሚከፍል ያው ሰው ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ገበሬው ከዚህ ግዴታ ተላቀቀ፤ የቅኔ ቤቱም ቋሚ በጀት በዚያው ቀን ተቋረጠ።

4. ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጥናት

ወደ ሦስተኛው ደጅ ከመሻገራችን በፊት፣ በውጭ ሀገር ገንዘብ የተካሄደ ጥናት ወደዚህ አካባቢ የመጣበትን አንድ ታሪክ መጥቀስ ይገባል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1928 እና በ1929 እ.ኤ.አ. ጎጃምን ጎብኝቶ በራስ ኃይሉ ግዛት ያየውን በ1934 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። ይኸው ሰው ከዚያ ጉዞ በኋላ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን የሚያቋርጥ ታላቅ የጥናት ጉዞ መሪ ሆነ።

የዚህ ጉዞ ገንዘብ የተገኘበት መንገድ ትኩረት የሚስብ ነው። የፈረንሳይ ፓርላማ በመጋቢት ወር 1931 እ.ኤ.አ. ልዩ ሕግ አውጥቶ በጀት ፈቀደ። ይህ ስላልበቃም በቀጣዩ ወር በፓሪስ ታዋቂው ቦክሰኛ ፓናማ አል ብራውን የተሳተፈበት የቦክስ ግጥሚያ ተዘጋጅቶ ገቢው ለጉዞው ተሰጠ። ለፓርላማውም ሆነ ለሕዝቡ የተገባው ቃል ግልጽ ነበር፤ የፓሪስ የሕዝቦች ባህል ቤተ መዘክር በዕቃ ይሞላል የሚል ነው።

ቃሉም ተፈጸመ። ቡድኑ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ለወራት ሲቆይ፣ ሚሼል ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት የዛርን ሥርዓት ይከታተልና ይጽፍ ነበር። ይህ ጥናት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። በሌላ በኩል ግን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በአዲስ ሥዕል ተተክተው ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ ከ300 በላይ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትም ከሀገር ወጡ። ሌሪስ ራሱ በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻ፣ በጉዞው መሥመር ላይ አንዳንድ ዕቃዎች እንዴት እንደ ተወሰዱ ሳይሸሽግ ጽፏል።

ይህን ታሪክ እዚህ ያነሣነው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የተጠየቀው ዕቃ ለመሰብሰብ ስለ ሆነ የጥናቱ ስኬት በዕቃ ብዛት ተለካ። ለፓርላማው የቀረበው ጥያቄ «የጎንደርን ሊቃውንት ማስተማሪያ ዘዴ እንረዳለን» የሚል ቢሆን ኖሮ ጓዙ ምናልባት በሳጥን ሳይሆን በደብተር ይሞላ ነበር። ፕሮፖዛል ገና መስኩን ሳይረግጡ የሚጻፍ ቢሆንም የመስኩን ሥራ አስቀድሞ ይመራዋል።

5. የመሥሪያ ቤቱ ደጅ

በሀገራችን ዘመናዊ የከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ተተከለ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተቋቁሞ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በዚህ ዘመን ድጋፍ ጠያቂው የሚቆመው በሰው ደጅ ሳይሆን በቢሮ ነው። ቃሉም በአፍ መነገሩ ቀርቶ በጽሕፈት መኪና ተመትቶ በፋይል ውስጥ ይገባል።

የምርምር ገንዘብን በመንግሥት ደረጃ የሚያስተባብረው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ነው። የጊዜውን መገጣጠም ልብ ይሏል። የቅኔ ቤቱ መሬት በ1967 ዓ.ም. ቀረ፤ የዘመናዊው ምርምር ደጅ በ1968 ዓ.ም. ተከፈተ። ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ አልተሠራም። ኮሚሽኑ በስሙም በተግባሩም ለእርሻ፣ ለጤና፣ ለኢንዱስትሪና ለመሳሰሉት የቆመ ሲሆን የደብረ ኤልያስ መምህር ማመልከቻ የሚያስገቡበት መስኮት አልነበረውም።

ከውጭ የሚመጣውን ድጋፍ በተመለከተ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሳሬክ የተባለው የስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. ከሲዳ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ኢትዮጵያን ከደገፉት መካከል ቀዳሚው ነበር። ለማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. በዳካር የተቋቋመው ኮዴስሪያና በ1980 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ኦስሪያ ለወጣት ተመራማሪዎች በውድድር አነስተኛ ድጋፍ መስጠት ጀመሩ። «ፕሮፖዛል»፣ «ገምጋሚ»፣ «የውድድር ጥሪ»፣ «የማጠቃለያ ሪፖርት» የሚሉት ቃላት በመምህራን መኖሪያ የዕለት ንግግር የሆኑት በእነዚህ ዓመታት ነው ማለት ይቻላል።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪው ግን በዚህ ሁሉ መካከል በአብዛኛው በራሱ መንገድ ተጉዟል። ለመጀመሪያ ድግሪ ማሟያ የሚሆን የቃል ግጥም ወይም ተረት ሊሰበስብ ወደ ተወለደበት ቀበሌ ይመለሳል። ማደሪያው የእናቱ ወይም የአክስቱ ቤት ነው፤ ቃል የሚሰጡት ሽማግሌዎች የሚያውቁት ናቸው፤ የመኪናውን ዋጋ አባቱ በግ ሸጠው ይከፍላሉ። በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ከተቀመጡት የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ ገንዘብ የሰጠ አካል ስም የሌለባቸው ለዚህ ነው። የገበሬው ደጅ በሌላ መልክ ሥራውን ቀጥሎ ነበር ማለት ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ሦስተኛው ደጅ ለአማኑኤል ሰው ከአንድ ሰዓት መንገድ ያነሰ ሆነ። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም መቋቋሙም ለመስኩ ትልቅ ትርጉም አለው። ይሁን እንጂ ዘመኑ ለሥነ ጽሑፍ የተመቸ አልነበረም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው፣ ከመቶ 70ውን ተማሪ ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሰብእና ትምህርት የመደበው ፖሊሲ የቋንቋ ክፍሎችን በተማሪ ቁጥርም በትኩረትም አሳንሷቸዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 ምርምር በሀገሪቱ ፍላጎት ላይ እንዲመሠረት ሲያዝ፣ «ፍላጎት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የተተረጎመው በምርትና በቴክኖሎጂ ነው። ስለዚህ ቅኔን ወይም የቃል ግጥምን ለማጥናት የሚጠይቅ ሰው ከጥያቄው በፊት መኖሩ ለምን እንደሚጠቅም ማስረዳት ግድ ሆነበት።

6. ፕሮፖዛሉ ወደ አማኑኤል ሲወርድ

እስካሁን የተባለውን በምሳሌ ለማየት፣ አንድ አጥኝ የቆሎ ተማሪዎች በደጅ ላይ የሚናገሩትን ቃል በአማኑኤልና በአካባቢው ቀበሌዎች ለማጥናት ፕሮፖዛል ያዘጋጃል እንበል። ጥሪው ሲወጣ ርእሱን፣ ዳራውን፣ የጥናቱን መነሻ ችግር፣ ዓላማውን፣ ወሰኑን፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ክለሳውን፣ ዘዴውን፣ የጊዜ ሰሌዳውንና በጀቱን ጽፎ ለትምህርት ክፍሉ ያስገባል። ከዚያ ወደ ፋኩልቲው፣ ከፋኩልቲው ወደ ምርምር ቢሮ ያልፋል። ገምጋሚዎች አይተው አስተያየት ይሰጣሉ፤ ከተፈቀደ ውል ተፈርሞ ገንዘቡ በየዙሩ ይለቀቃል።

የመጀመሪያው ፈተና የመነሻ ችግሩ አገላለጽ ነው። ብዙ ፕሮፖዛሎች «ይህ ባህል እየጠፋ ስለሆነ ሳይጠፋ መጠናት አለበት» በሚል ዐረፍተ ነገር ይቆማሉ። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ሽለላም፣ ስለ ሙሾም፣ ስለ ሸማ ሥራም እኩል ሊነገር ስለሚችል ስለ አንዱም ምንም አይነግረንም። አጥኝው «ተማሪው በደጅ ላይ የሚጨምራቸው ቃላት ከደረሰበት የቅኔ ደረጃ ጋር ይለዋወጣሉ ወይስ አይለዋወጡም?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ጥያቄው ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ አንድ ሰውና ወደ አንድ ዘዴ ይመራል። ገምጋሚውም ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ያያል። ፕሮፖዛል ከቆሎ ተማሪው ልመና የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ጠያቂው ምን እንደማያውቅ በግልጽ እንዲናገር ያስገድደዋል።

ሁለተኛው ፈተና ቋንቋ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርትና የአስተዳደር ምርምር ቅጾች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። የአማርኛ መምህር ስለ አማርኛ ጽሑፍ በአማርኛ እያስተማረ፣ ገንዘብ ሲጠይቅ ግን በእንግሊዝኛ ያስባል። ጉዳቱ ከሰዋስው ስሕተት ያለፈ ነው። የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅን፣ ኅብርን፣ ውስጠ ወይራንና አንጻርን እየለዩ ያስተምራሉ። እነዚህ ቃላት ወደ እንግሊዝኛው ቅጽ ሲገቡ ሁሉም «ሰምና ወርቅ» በሚለው አንድ ስም ሥር ይጠቃለላሉ፤ ምክንያቱም ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ይህን ስም በዓለም አስተዋውቆታል። በመጽሐፉም ቃሉ ከቅኔ ስልትነት አልፎ የአማራውን ሕዝብ አነጋገርና ጠባይ መግለጫ ሆኗል። ገምጋሚ ይህን ስም ያውቀዋል፤ ውስጠ ወይራን ግን አያውቀውም። ስለዚህ ጠያቂው የሚታወቀውን ይጽፋል፤ መስክ ሲወርድም የጻፈውን ይፈልጋል።

የዚህን ተቃራኒ የሚያሳይ ምሳሌ ደግሞ ከዚያው ከጎጃም ይገኛል። አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ስለ መሬት ይዞታ ባደረገውና በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት «ርስት»ንና «ጉልት»ን ሳይተረጉም እንዳሉ ወስዷቸዋል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይጻፍ እንጂ ጥያቄው የተሠራው በአማርኛ ቃላት ነው፤ ጥንካሬውም ከዚያ ይመነጫል። እንግዲህ ችግሩ የእንግሊዝኛ መኖር ሳይሆን ጥያቄው ከመወለዱ በፊት መተርጎሙ ነው። አማርኛ ለሙያ ጽሑፍ አይበቃም የሚለው ምክንያትም ዛሬ አያስኬድም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን በአማርኛ አዘጋጅቶ በመዝገበ ቃላት ካሳተመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ለኬሚስትሪ ስም የተገኘለት ቋንቋ ለቅኔ ጥናት በጀት ያንሳል ማለት አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው ፈተና በጀቱ ነው። ቅጹ ለውሎ አበል፣ ለትራንስፖርት፣ ለጽሕፈት መሣሪያና ለመረጃ ሰብሳቢ ቦታ አለው። በቅጹ ላይ «መረጃ አቀባይ» የሚባሉት ግን የኔታ ናቸው። ተማሪ ወደ የኔታ ሲመጣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ለዓመታት ያገለግላል። ተመራማሪው ደግሞ መቅጃውን ይዞ ለሁለት ቀን ይመጣል። ባዶ እጁን መምጣት ነውር መሆኑን እርሱም ያውቃል፤ ነገር ግን ለየኔታ የሚሰጠው ጋቢ ወይም ስኳርና ቡና በቅጹ ላይ ስም የለውም፤ ደረሰኝም አይቆረጥለትም። ሂሳብ ሲወራረድ ወይ ከኪሱ ይከፍላል፣ ወይ ወጪውን በሌላ ስም ይጽፋል። ሐቀኛውን ሰው ወደ ሐሰት የሚገፋ ቅጽ መታረም አለበት። በፊርማ ዝርዝርና በምስክር የሚረጋገጥ «የመምህራን ክብር» የሚል አንድ መሥመር ቢጨመር ችግሩ በቀላሉ ይቃለላል።

አራተኛው ፈተና ጊዜ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ጥሪው ወጥቶ፣ ግምገማው ተካሂዶ፣ ውሉ ተፈርሞ ገንዘቡ እጅ እስኪገባ ብዙ ጊዜ በጋው ይጋመሳል። አጥኝው ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ወደ ወረዳው፣ ከወረዳው ወደ ቀበሌው፣ ከቀበሌው ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሲሄድ ደብዳቤው ራሱ አራት ደጅ ይጠናል። ፈቃዱ ሁሉ ሲሟላ የመክፈቻው ዝናብ ይጀምራል፤ የሂሳብ መዝጊያውም ይደርሳል። የማቻከል ጭቃና የሂሳብ ክፍሉ ማስታወቂያ በአንድ ወር ይገናኛሉ። ገበሬው እህሉን ጎተራ በሚያስገባበት፣ ለተማሪም እጁ በሚዘረጋበት በታኅሣሥና በጥር ግን ተመራማሪው ገና ፊርማ እየጠበቀ ነው። ለዚህ ዓይነት ጥናት የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው ከበጀቱ ዓመት በፊት የገበሬውን ዓመት ማየት ይኖርበታል።

7. መደምደሚያ

ከላይ ለማሳየት እንደ ተሞከረው በአማኑኤልና በአካባቢው ዕውቀት ፈላጊ በሦስት ዓይነት ደጅ ቆሟል። የገበሬው ደጅ ስለ ሥራው ሳይጠይቅ ሰጥቷል፤ ነፃነትን እንጂ መዝገብን አላወረሰም። የጌታው ደጅ መዝገብ አውርሷል፤ ነገር ግን መዝገቡ ለአንባቢ እንዲደርስ አላሰበም። የመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጥያቄንም ዘዴንም ውጤትንም በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ይህ ከሁለቱ ያልተገኘ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉድለቱ ጥያቄው በሰው ቋንቋ እንዲቀረጽ ማድረጉ፣ የሚያስተምሩትን ሰዎች በበጀቱ ውስጥ አለማየቱና ጊዜውን ከመስኩ ጊዜ ጋር አለማስማማቱ ነው።

ስለዚህ ፕሮፖዛል እንደ ተራ የቢሮ ወረቀት ሳይሆን ራሱን እንደ ቻለ የጽሑፍ ዓይነት ሊጠና ይገባዋል። የልመናን ቃል፣ የማመልከቻን አቀራረብና የሙሾን አወጣጥ የሚያጠና ትምህርት ክፍል በየዓመቱ የሚጽፈውን የራሱን ልመና ሳይመረምር መቅረቱ ተገቢ አይመስልም። በተግባር ረገድም የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች ፕሮፖዛሎቻቸውን በአማርኛ ጽፈው፣ አስፈላጊ ሲሆን አጭር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ አባሪ አድርገው የማቅረብ መብት እንዲሰጣቸው መጠየቅ ይችላሉ። እያንዳንዱ ፕሮፖዛልም በመጨረሻው ገጽ ላይ ውጤቱ ወደ ተገኘበት ቦታ እንዴት እንደሚመለስ ቢገልጽ መልካም ነው። አንድ ቅጂ ለደብሩ፣ አንድ ለአማኑኤል ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ አንድም ቃሉን ለሰጡት የኔታ ማድረስ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ቁራሽ የሰጠችው የማቻከል ሴት ተማሪውን ምን እንደ ተማረ አልጠየቀችውም። ይህ የእርሷ ልግስና እንጂ የእርሱ መብት አልነበረም። ዛሬ ከልጅ ልጆቿ ግብር በተሰበሰበ ገንዘብ የሚያጠና ሰው ሳትጠይቀው ሊነግራት ይገባል።